ሊኑክስ ኮምፒውተር ‘ከእንቅልፉ’ ሲነቃ ዲስኩ ለምን አልታዘዝ ይላል? መፍትሔውስ ምንድን ነው?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4/2018 ዓ.ም. ካቋረጠ ወዲህ፣ አዲሱን ዊንዶውስ 11 መጫን የማይችሉ ነገር ግን በደህና የሚሠሩ በርካታ ኮምፒውተሮች ባለቤቶች አማራጭ ፍለጋ ወጥተዋል። ከአማራጮቹ አንዱ ያለ ክፍያ የሚገኘው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ነው።

በዚህ ረገድ ለንደን የተለየ ስፍራ አላት። ኡቡንቱ የተባለውን በስፋት የሚታወቅ የሊኑክስ ስርጭት የሚያዘጋጀውና በደቡብ አፍሪካ ተወላጁ ማርክ ሻትልዎርዝ በ2004 እአአ የተመሠረተው ካኖኒካል ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚህችው ከተማ ነው። ሰዎች የተበላሹ ዕቃዎቻቸውን ከመጣል ይልቅ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው እንዲጠግኑ የሚያበረታታው ‘ዘ ሪስታርት ፕሮጀክት’ም መነሻው ለንደን ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ መቋረጥን ተከትሎ አሮጌ ኮምፒውተሮች እንዳይጣሉ ከሚወተውቱት መካከልም ይገኛል።

አሮጌ ማሽን ግን አሮጌ ዲስክ፣ አሮጌ ገመድና አሮጌ ባትሪ ይዞ ነው ወደ አዲሱ ስርዓት የሚሻገረው። በዚህ ሽግግር ከሚያጋጥሙ ግራ አጋቢ ችግሮች አንዱ እንዲህ ነው፦ ተጠቃሚው ላፕቶፑን ክፍት እንደሆነ ይከድነዋል፤ ከሰዓታት በኋላ ሲከፍተው ስክሪኑ ይበራል፤ የመዳፊቱ ቀስት ይንቀሳቀሳል። ፋይል ለመክፈት ሲሞክር ግን ፕሮግራሙ ደርቆ ይቀራል። ጽሑፍ ለማስቀመጥ ሲሞክር ደግሞ ዲስኩ “ለንባብ ብቻ” የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ መልዕክት ይመጣል።

ለመሆኑ ይህ ለምን ይከሰታል? በዲስኩ ላይ ያሉት ፎቶዎችና ሰነዶች ሳይጠፉስ እንዴት መፍትሔ ማግኘት ይቻላል?

ኮምፒውተር ‘ሲተኛ’ ምን ይሆናል?

ኮምፒውተር የሚያርፍባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። በተለመደው የእንቅልፍ ዓይነት ለጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው (ለራም) ብቻ ጥቂት ኃይል እየደረሰ፣ ዲስኩን ጨምሮ አብዛኛው የኮምፒውተሩ አካል ይጠፋል። ክፍት የነበሩት ሥራዎች ሁሉ በራም ውስጥ ስለሚቆዩ ኮምፒውተሩ በፍጥነት ይነቃል።

በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ላፕቶፖች ላይ የሚታየው ሁለተኛው ዓይነት ቀለል ያለ እንቅልፍ ነው። አካላቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፉም፤ ይልቁንም እያንዳንዳቸው ወደ ዝቅተኛ የኃይል ደረጃ ይወርዳሉ። ሦስተኛው በራም ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ዲስክ ጽፎ ኮምፒውተሩን ጨርሶ የሚያጠፋው ነው።

የትኛው ጥቅም ላይ እንደዋለ ማወቅ ለምርመራው ይረዳል። በመጀመሪያው ዓይነት ዲስኩ ኃይል ተቋርጦበት እንደገና ይነሳል። በሁለተኛው የሚፈተነው ዲስኩ ከዝቅተኛ የኃይል ደረጃ የመውጣት ችሎታው ነው። በሦስተኛው ደግሞ ዲስኩ ራሱ የማኅደረ ትውስታው አደራ ተቀባይ ነው።

ሲነቃ የሚፈጠረው ፈተና

ኮምፒውተሩ ሲነቃ የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ከዲስኩ ጋር የነበረውን ግንኙነት እንደ አዲስ ይመሠርታል። መስመሩን ያጸዳል፤ ዲስኩ ማንነቱን እንዲናገር ይጠይቃል፤ ከዚያም ቆመው የነበሩትን የማንበብና የመጻፍ ትዕዛዞች ይለቃል።

ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከቆመበት ተነስቶ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ለመድረስ ሰከንዶች ያስፈልጉታል። ስለዚህ ከነቃ በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች መዘግየቱ በሽታ አይደለም። በ2014 እአአ የወጣው የሊኑክስ ከርነል 3.15 ይህን ጥበቃ ለማሳጠር ዲስኩ ከጀርባ ሆኖ እየተነሳ ሌላው የኮምፒውተሩ ክፍል ሥራውን እንዲቀጥል አድርጓል። ስክሪኑ ቀድሞ በርቶ ፋይሎች ግን ትንሽ ዘግይተው ቢከፈቱ የሚያስደነግጥ ነገር የለም።

ችግሩ የሚጀምረው ዲስኩ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ምላሽ ካልሰጠ ነው። ከርነሉ መስመሩን ደጋግሞ ያጸዳል፤ ካልተሳካለት በሴኮንድ ከ6 ጊጋቢት ወደ 3፣ ከዚያም ወደ 1.5 ጊጋቢት ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ይሞክራል። ይህም ካልሠራ ዲስኩን እንደሌለ ይቆጥረዋል። በዚህ ጊዜ የፋይል ስርዓቱ የበለጠ ጉዳት እንዳይደርስ ራሱን ይቆልፋል። ኡቡንቱ ዋናውን የዲስክ ክፍል ሲያዘጋጅ ስህተት ከተገኘ “ለንባብ ብቻ” እንዲሆን አስቀድሞ ያዝዛል። መልዕክቱ የሚያስደነግጥ ቢሆንም ትርጉሙ መከላከያው ሥራውን መሥራቱ ነው።

ማስረጃው ለምን ይጠፋል?

ብዙዎችን የሚያደናግረው ኮምፒውተሩን አጥፍተው ካስነሱ በኋላ የስህተት መዝገቡን ሲፈልጉ ምንም አለማግኘታቸው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መዝገቡ የሚጻፈው በዚያው ምላሽ መስጠት ባቆመው ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ከጠፋ ወይም ከተቆለፈ የመጨረሻዎቹ መልዕክቶች በራም ውስጥ ብቻ ይቀራሉ፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም አብረው ይጠፋሉ።

ስለዚህ ችግሩ ሲከሰት ኮምፒውተሩ ከመጥፋቱ በፊት ተርሚናል ከፍቶ ‘ዲሜስግ’ በተባለው ትዕዛዝ የከርነሉን መልዕክቶች ማየት ይገባል። ጽሑፉን በፍላሽ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ፣ ይህ ካልተቻለም ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። ትዕዛዙ ራሱ ከዲስኩ ላይ መነበብ ስላለበት አንዳንዴ ላይሠራ ይችላል። ችግሩ የሚደጋገም ከሆነ ኮምፒውተሩን ከማስተኛት በፊት ተርሚናሉን ከፍቶ መልዕክቶቹ በቀጥታ እንዲታዩ አድርጎ መተው ይሻላል።

በመልዕክቶቹ ውስጥ የሚፈለጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የዲስኩ መለያ ስም፣ የመጀመሪያው ስህተት ኮምፒውተሩ በነቃ በስንት ሰከንድ እንደተከሰተ፣ እንዲሁም ስህተቱ ስለ መስመሩ ነው ወይስ ስለ ዲስኩ ገጽ የሚለው። የመጀመሪያው ስህተት ከኋለኞቹ ይበልጥ ይናገራል፤ ተከትለው የሚዘረገፉት አብዛኛውን ጊዜ የእርሱ ውጤቶች ናቸው።

ከጥገና በፊት መረጃን ማዳን

ማንኛውም ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ሊተኩ የማይችሉት ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ አለባቸው። ኮምፒውተሩ ከእንቅልፍ ሳይሆን ከሙሉ መጥፋት ሲነሳ ዲስኩ በደህና የሚሠራ ከሆነ ይህ ጊዜ መባከን የለበትም። መንስኤው እስኪታወቅ ድረስም ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ ማድረግ፣ ሥራ ሲያበቃም ማጥፋት ይመከራል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት ቅጂ ሳይያዝ የፋይል ስርዓት መጠገኛ መሣሪያን ማስሮጥ ነው። መሣሪያው ጤነኛ በሆነ ዲስክ ላይ ጠቃሚ ነው። እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ ግን በመጻፍና በማስተካከል ብዛት የተረፈውን ሊያበላሽ ይችላል። የማይነበቡ ቦታዎች ያሉት ዲስክ ከሆነ ‘ዲዲሬስኪዩ’ የተባለው ነጻ መሣሪያ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ይገለብጣል፤ አስቸጋሪ ቦታዎቹንም ወደ መጨረሻ ያቆያል። ጥገናው ከዚያ በኋላ በዋናው ሳይሆን በቅጂው ላይ ይሞከራል።

ተሽከርካሪው ዲስክ እየተደጋገመ የሚቆራረጥ የመምታት ድምፅ ካሰማ ግን ኃይሉን ማቋረጥ ይገባል። ሌላ ቅጂ የሌለው ውድ መረጃ በውስጡ ካለ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ የባለሙያን የማዳን ዕድል ያጠባል።

ዲስኩ ነው ወይስ ገመዱ?

ዘመናዊ ዲስኮች የጤናቸውን ሁኔታ የሚመዘግቡበት ‘ስማርት’ የተሰኘ ስርዓት አላቸው። በኡቡንቱ ላይ ‘ዲስክስ’ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት፣ ወይም በተርሚናል ‘ስማርትሲቲኤል’ በተባለው ትዕዛዝ ይታያል። በሳታ መስመር በሚገናኙ ዲስኮች ላይ አራት ቁጥሮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ።

ቁጥር 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል። ቁጥር 197 መነበብ ያልቻሉና ዕጣቸው ያልተወሰነ ቦታዎችን፣ ቁጥር 198 ደግሞ ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ ሊያነባቸው ያልቻላቸውን ያሳያል። እነዚህ ከዜሮ በላይ ሆነው እየጨመሩ ከሄዱ ችግሩ የዲስኩ ነው፤ የማስተካከያ ቅንብር አያድነውም፤ መተካት አለበት።

ቁጥር 199 ሌላ ታሪክ ይነግራል። ይህ በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል በሚተላለፍ መረጃ ላይ የተፈጠሩ ስህተቶችን ስለሚቆጥር ጣቱን የሚቀስረው ወደ ገመዱ ወይም ወደ መሰኪያው ነው። ቁጥሩ አንዴ ከጨመረ ወደ ኋላ ስለማይመለስ ቁም ነገሩ ትልቅ መሆኑ ሳይሆን አሁንም እየጨመረ መሆኑ ነው። ዛሬ ጽፎ ይዞ ከጥቂት እንቅልፍና መንቃት በኋላ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ከጨመረ ገመዱን ነቅሎ በደንብ መሰካት፣ ካልረዳም በሌላ መተካት ዋጋው አነስተኛ የሆነ መፍትሔ ነው።

ዲስኩ ራሱን እንዲፈትሽ ማዘዝም ይቻላል። አጭሩ ፍተሻ ደቂቃዎች፣ ረጅሙ ግን እንደ ዲስኩ መጠን ሰዓታት ይወስዳል። ፍተሻው ያለ ስህተት ከተጠናቀቀ፣ ቁጥሮቹም ካልተንቀሳቀሱ ጥርጣሬው ወደ ኃይል አቅርቦትና ወደ ቅንብር ይዞራል።

የኃይል ጉዳይ

ተሽከርካሪ ዲስክ ከፍተኛ ኃይል የሚፈልገው ከቆመበት ሲነሳ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነቃ ደግሞ ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑና ማራገቢያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ኃይል ይጠይቃሉ። ያረጀ የኃይል ማከፋፈያ ያለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ሠርቶ በዚህች ቅጽበት ብቻ ሊደክም ይችላል።

በዩኤስቢ የሚገናኝ ውጫዊ ዲስክ ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ በመደበኛነት እስከ 500 ሚሊ አምፒር፣ የ3.0 ደግሞ እስከ 900 ሚሊ አምፒር ይሰጣል። ዲስኩ ለመነሳት ከዚያ በላይ ከፈለገ ይነሳና ይወድቃል። የራሱ የኃይል ምንጭ ባለው ማከፋፈያ በኩል ማገናኘት ወይም ረጅምና ቀጭን ገመድን በአጭር መተካት ችግሩን ሊፈታ ይችላል።

ውጫዊ ዲስክ ሌላም ጠባይ አለው። ኮምፒውተሩ ሲነቃ እንደ አዲስ ዕቃ ከታወቀ ሌላ መለያ ስም ሊሰጠው ይችላል፤ ክፍት የነበሩት ፋይሎች ግን በአሮጌው ስም ይፈልጉታል። ከማስተኛት በፊት ውጫዊ ዲስክን በሥርዓቱ ማላቀቅ ይህን ያስቀራል።

ኃይል ቆጣቢ ቅንብሮች

ሊኑክስ ባትሪ ለመቆጠብ በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል ያለውን የሳታ መስመር ሥራ ሲፈታ ያሳርፈዋል። የማሳረፉ መጠን በደረጃዎች የተከፈለ ነው። አንደኛው ጫፍ ሙሉ አፈጻጸም፣ ሌላኛው ጫፍ ዝቅተኛ ኃይል ነው። ዝቅተኛው ደረጃ በአንዳንድ ዲስኮች ላይ የመረጃ መበላሸትን ጨምሮ ችግር እንደሚያስከትል የታወቀ በመሆኑ ጥቅም ላይ መዋል እንደሌለበት የከርነሉ የራሱ ማብራሪያ ያስጠነቅቃል። ባትሪ ለመቆጠብ የተጫኑ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ይህን ደረጃ ሳያሳውቁ ሊመርጡ ስለሚችሉ አስቀድሞ መፈተሽ ይገባቸዋል። ለሙከራ ደረጃውን ወደ ሙሉ አፈጻጸም መመለስ፣ ችግሩ ከጠፋም ወደ መካከለኛው ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ኤንቪኤምኢ በሚባለው ፈጣን መስመር የሚገናኙ ኤስኤስዲዎች ደግሞ ራሳቸው በራሳቸው ወደ ዝቅተኛ የኃይል ደረጃ የመውረድ ችሎታ አላቸው። ሊኑክስ በ2017 እአአ በወጣው ከርነል 4.11 ይህን መጠቀም ሲጀምር አንዳንድ ዲስኮች ከጥልቁ ደረጃ መመለስ እንዳቃታቸው ታይቷል። ለተወሰኑ ሞዴሎች ከርነሉ ልዩ ሕግ ወጥቶለታል። ለሌሎች ተጠቃሚው በማስነሻው ቅንብር ላይ የሚፈቀደውን የመዘግየት መጠን ወደ 0 በማድረግ ባሕርዩን ሊያጠፋው ይችላል። የሚከፈለው ዋጋ ባትሪው ትንሽ ቀደም ብሎ ማለቁ ነው።

የኡቡንቱ ክርክርና ትምህርቱ

የዲስክና የኃይል ቁጠባ ጉዳይ ለለንደኑ ካኖኒካል አዲስ አይደለም። በ2006 እአአ በኡቡንቱ የስህተት መመዝገቢያ ላይ በቁጥር 59695 የተመዘገበ አቤቱታ በቀጣዩ ዓመት በዓለም ዙሪያ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። አንዳንድ የላፕቶፕ ዲስኮች የንባብ ጭንቅላታቸውን በደቂቃ ውስጥ ደጋግመው እየሰበሰቡ ዕድሜያቸውን ያሳጥራሉ የሚል ነበር።

ጭንቅላቱን መሰብሰብ ዲስኩን ከንቅናቄ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ዲስኩ የሚችለው ስብሰባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠርና ወሰን ያለው ነው። በክርክሩ ሂደት ጎልቶ የወጣው ነጥብ ድግግሞሹን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ በዲስኩ ወይም በማዘርቦርዱ ውስጥ ያለው የፋብሪካ ቅንብር መሆኑ ነው።

ቅንብሩን ‘ኤችዲፓርም’ በተባለው መሣሪያ ከ1 እስከ 254 ባለው ቁጥር ማለዘብ ይቻላል፤ 255 ደግሞ በሚቀበሉ ዲስኮች ላይ ቁጠባውን ያጠፋል። ሆኖም ዲስኩ ኃይል ሲቋረጥበት ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ሊመለስ ይችላል። ስለሆነም ከእንቅልፍ በኋላ ትዕዛዙ እንደገና ካልተሰጠ የትናንቱ ማስተካከያ ዛሬ የለም። “አስተካክዬው ነበር፤ ተመልሶ መጣ” የሚለው ቅሬታ ምንጩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በዲስኩ መዝገብ ላይ ቁጥር 193 የስብሰባውን ብዛት ያሳያል።

ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ዲስክ ላይ

ሁለቱን ስርዓቶች ጎን ለጎን የጫኑ ተጠቃሚዎች ሌላ ችግር ያጋጥማቸዋል። ዊንዶውስ ‘ፈጣን አነሳስ’ በተባለው ባሕርዩ ሲጠፋ የራሱን ሁኔታ በከፊል ዲስክ ላይ ጽፎ ይቆያል። ሊኑክስ ያንን የዲስክ ክፍል ሲያገኘው በሥራ መካከል እንደተተወ ስለሚያውቅ ሊጽፍበት እምቢ ይላል። ይህ የዲስክ ብልሽት አይደለም። መፍትሔው በዊንዶውስ በኩል ባሕርዩን አጥፍቶ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነው።

በተመሳሳይ ምክንያት ሊኑክስ ራሱን ወደ ዲስክ ጽፎ ከጠፋ በኋላ ያንኑ ዲስክ በሌላ ስርዓት ከፍቶ መጻፍ አደገኛ ነው። የሚነቃው ስርዓት በትውስታው የያዘው የዲስኩ ሁኔታና በዲስኩ ላይ ያለው ስለማይገጥሙ ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ።

አንድ በአንድ መሞከር

መንስኤው ካልተለየ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የማዘርቦርዱንና የዲስኩን ውስጣዊ ሶፍትዌር ከአምራቹ በወጣ አዲስ ቅጂ ማደስ፤ ቀጥሎ በማዘርቦርዱ ቅንብር ውስጥ የእንቅልፍ ዓይነት ምርጫ ካለ ማየት። ለምሳሌ በአንዳንድ የሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ላይ “ዊንዶውስ” እና “ሊኑክስ” የሚል ምርጫ ይገኛል።

ከዚያም በሌላ ከርነል መሞከር ነው። ኡቡንቱ ሲነሳ ቀድሞ የነበረውን ከርነል የመምረጥ ዕድል ይሰጣል። በአሮጌው ከርነል ችግሩ ከሌለ ዲስኩ ከተጠያቂነት ነጻ ሊሆን ተቃርቧል ማለት ነው። ለምሳሌ በ2023 እአአ የከርነሉ አዘጋጆች ዲስኮች ሲተኙና ሲነቁ የሚከተሉትን ቅደም ተከተል የሚመለከቱ በርካታ ማስተካከያዎችን አድርገዋል። በየጊዜው የሚለወጥ ሥራ ስለሆነ አንዱ ዕትም ያበላሸውን ቀጣዩ ሊያቀናው ይችላል።

በእያንዳንዱ ሙከራ መለወጥ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ገመዱንም፣ ቅንብሩንም፣ ከርነሉንም በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ችግሩ ቢጠፋለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም። ስህተቱ አልፎ አልፎ የሚከሰት ከሆነም አንድ ጊዜ በሰላም መንቃቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ቢያንስ ለአጭርም ለረጅምም እንቅልፍ፣ በባትሪም በቻርጀርም ደጋግሞ መፈተን ያስፈልጋል።

አንድ ቅጂ፣ ቅጂ አይደለም

ምርመራው የትም ቢደርስ ከዲስክ በላይ የሚያሳስበው በላዩ ያለው ነው። የዚህን ጉዳይ ክብደት ከለንደን ተቋማት አንዱ የሆነው ብሪቲሽ ላይብረሪ በሁለት መልኩ ያሳያል።

በ2004 እአአ የተጀመረውና ቤተ መጻሕፍቱ የሚያስተዳድረው የአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት መርኃ ግብር በኢትዮጵያ የሚገኙ የብራና መጻሕፍትን በፎቶ የማስቀረት ሥራዎችን ደግፏል። አሠራሩ ዋናዎቹ መጻሕፍት ከአገራቸው እንዳይወጡ፣ ዲጂታል ቅጂዎቹ ግን በአገር ውስጥም በለንደንም እንዲቀመጡ የሚጠይቅ ነው። ይኸው ተቋም በ2023 እአአ መገባደጃ የሳይበር ጥቃት ሲደርስበት የኦንላይን አገልግሎቶቹ ለወራት ተስተጓጉለዋል። በሌላ ስፍራ የተቀመጠ ቅጂ ትርጉሙ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ለአንድ ቤተሰብም ሕጉ ያው ነው። ባለሙያዎች በተለምዶ የሚመክሩት ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከቤት ውጭ እንዲሆን ነው። የሠርግ ቪዲዮ፣ የአያት ድምፅ፣ የስደተኝነት ጉዳይ ሰነድ ወይም ያልታተመ መጽሐፍ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ካለ፣ ከእንቅልፉ ሲነቃ የሚታየው የመጀመሪያው ስህተት እንደ ማስጠንቀቂያ ሊቆጠር ይገባል። ገመድ በጥቂት ፓውንድ ይገዛል፤ ዲስክም ይተካል። ቅጂ ያልተያዘለት ፋይል ግን ከዲስኩ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል።